ባለ መስታወቱ ፎቅ፦ አንዱ የሚወደው፣ ሌላው የሚጠላው ለምንድን ነው?

አዳማ ላይ አዲስ ባለ መስታወት ፎቅ ባለቀ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። ግማሹ ሰው «አሁን ገና ከተማ መሰልን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ ምኑ ሕንጻ ነው? ሳጥን አይደል እንዴ!» ብሎ ይመልሳል። ቡና ላይ የተጀመረው ወሬ ባጃጅ ውስጥ ይቀጥላል። ማንም ማንንም ሳያሳምን ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

ክርክሩ ግን አዳማ ላይ አልተጀመረም። ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎታል። እነ ኒው ዮርክና ፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ መሐል ከተማቸው ላይ በተተከሉ የቢሮ ሕንጻዎች ምክንያት ሲነታረኩ ኖረዋል። ሕንጻዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ጌጥ የላቸውም። ከታች እስከ ላይ መስታወት ለብሰዋል። የሥነ ሕንጻ ሰዎች ሞደርኒስት ይሏቸዋል። ዛሬ አዳማ ውስጥ ፖስታ ቤት አካባቢም ሆነ ፍራንኮ የምናያቸው አዳዲስ ፎቆች መልካቸውን የወረሱት ከእነዚህ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የክርክሩ አቅጣጫ ነው። ሁልጊዜ የምንከራከረው በመልኩ ላይ ነው፤ አማረ ወይስ አላማረም። እንዲህ ያለ ሕንጻ መመዘን ያለበት ግን በሌላ ነገር ይመስለኛል፦ በእግሩ ሥር የሚያልፈውን ሰው እንዴት እንደሚቀበልና ፀሐይን እንዴት እንደሚመክት። በዚህ ስንመዝነው የአሜሪካኖቹ ምርጦች ለምን እንደተወደዱ፣ ተራ ቅጂዎቻቸው ለምን እንደተጠሉ፣ እኛም የቱ ጋ እንደሳትን ይገባናል።

ግድግዳው ሸክሙን ያወረደበት ጊዜ

ድሮ ፎቅን የሚሸከመው ግድግዳ ነበር። ፎቁ በጨመረ ቁጥር የታችኛው ግድግዳ መወፈር ነበረበት። ቺካጎ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመ ሞናድኖክ የሚባል ሕንጻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 የተሠራው ክፍሉ በጡብ ግድግዳ የቆመ 16 ፎቅ ነው። ምድር ላይ ያለው ግድግዳ ውፍረቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ይደርሳል። አንድ ሰው በቁመቱ ቢጋደም ግድግዳው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለሱቅ መከራየት የሚችለው ምርጡ ቦታ በግድግዳ ተበላ።

የብረትና የአርማታ አጽም ሲመጣ ይህ ጣጣ ቀረ። ይህን ለመረዳት አዳማ ውስጥ አንድ የግንባታ ቦታ አጠገብ ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። መጀመሪያ ፌሮ ይታሰራል፣ ኮለን (ምሰሶው) ይቆማል፣ ሶሌታ (የወለሉ አርማታ) ይሞላል። ሕንጻው ግድግዳ ሳይኖረው እስከ ላይ ይወጣል። ብሎኬቱ የሚደረደረው በኋላ ነው። ብሎኬቱ ቢፈርስም ሕንጻው ባለበት ይቆማል። ክብደቱን የያዙት ኮለኖቹ ናቸው።

ታዲያ ግድግዳው ምንም ካልተሸከመ ለምን ብሎኬት ይሆናል? መስታወትስ ቢሆን? የሞደርኒስቶቹ ጥያቄ ይህ ነበር። የኛ ባለሙያዎች ከርተን ዎል የሚሉት ነገር የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ በሶሌታው ጫፍ ላይ በብረት ወይም በአሉሚኒየም ፍሬም የተንጠለጠለ መስታወት። ዝናብና ነፋስ ይከላከላል። ከራሱ ክብደት በቀር ሸክም የለበትም።

ሐሳቡ ከቴክኖሎጂው ቀድሞ የተወለደ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ባውሃውስ የተባለ ትምህርት ቤት ጌጥን ጥሎ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ የሚያሳይ ሕንጻና ዕቃ ሲያስተምር ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ተዘጋ። መሥራቹ ዋልተር ግሮፒየስና የመጨረሻው ዳይሬክተር ሚስ ቫን ደር ሮኸ በኋላ አሜሪካ ገቡ። እዚያ ገንዘብ አለ፣ ብረት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሁለት ነገሮች በየቢሮው ተስፋፉ፤ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) እና ፍሎረሰንት መብራት። ከዚያ በፊት ጸሐፊዋ ብርሃንና አየር ለማግኘት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ነበረባት። አሁን ከመስኮት ርቃ የሕንጻው ሆድ ውስጥ መሥራት ትችላለች። መስኮቱም መከፈት አላስፈለገውም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ፓርክ አቬኑ ላይ ያሉት ሁለቱ

ኒው ዮርክ፣ ፓርክ አቬኑ ላይ ሁለት ሕንጻዎች መንገድ ተሻግረው ይተያያሉ። የዚህ ዓይነት ሕንጻ ደጋፊም ተቃዋሚም ስማቸውን ሳይጠራ አያልፍም።

አንደኛው ሌቨር ሐውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ተጠናቀቀ። ባለቤቱ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ለሳሙና ሻጭ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሕንጻ ራሱ ማስታወቂያ ነው። መስኮቶቹ አይከፈቱም። መስታወቱን የሚያጥቡት ሰዎች ከጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ መወጣጫ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ መንገዱ ዳርና ዳር በድንጋይና በጡብ ሕንጻ የታጠረ ነበር። መሐል ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ ቀጭን የመስታወት ፎቅ ብቅ ሲል ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ለእኔ ግን ከመስታወቱ የሚበልጠው ምድሩ ነው። ሕንጻው በኮለን ላይ ተነሥቷል፣ ሥሩ ክፍት ነው። የጓሮ ያህል ቦታ ለእግረኛ ተለቅቋል። በዚያ ውድ መሬት ላይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሲግራም ነው። ባለ 38 ፎቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተጠናቀቀ። ንድፉ የዚያው የባውሃውሱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ሲሆን አሜሪካዊው አርክቴክት ፊሊፕ ጆንሰን አብሮት ሠርቷል። ሚስ የተመረጠበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። የሲግራም ኩባንያ ባለቤት መጀመሪያ ሌላ ተራ ንድፍ አቅርቦ ነበር። ልጁ ፊሊስ ላምበርት ያን ጊዜ 27 ዓመቷ ነው። ንድፉን አይታ ለአባቷ ረጅም የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈች። አባትየው ቁጭ ብሎ አነበበ፣ አርክቴክት መምረጡንም ለእሷ ተወላት። አንዲት ወጣት አባቷን ባትሞግት ይህ ሕንጻ አይኖርም ነበር።

ሚስ ሕንጻውን ከመንገዱ ወደ 27 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳበው። ከፊቱ ያለውን ቦታ ሁሉ አደባባይ አደረገው። ሁለት የውኃ ገንዳዎች፣ ሰው የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ የድንጋይ ጠርዝ፣ ሌላ ምንም። መንገደኛው ከግርግሩ ወጥቶ እዚያ ይተነፍሳል። ከአሉሚኒየም ይልቅ ነሐስ ተጠቀመ። ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ነሐስ ፈጅቷል። ነሐሱ መልኩ እንዳይለወጥ በየጊዜው በዘይት ይወለወላል። በመስታወቶቹ መካከል ከታች እስከ ላይ የሚሮጡ ቀጫጭን የነሐስ ዘንጎች አሉ። ሸክም አይሸከሙም። የእሳት ሕጉ ተሸካሚው ብረት በአርማታ ይሸፈን ስለሚል እውነተኛው አጽም አይታይም። ሚስ ውስጥ ያለውን አጽም በውጭ በዘንግ ጠቆመው። ጌጥ የሚጠላው ሰው ጌጥ አደረገ ብለው የሚተቹት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘንጎቹ ባይኖሩ ሕንጻው ልሙጥ ይሆን ነበር። ጥላቸው ነው ለፊቱ ሕይወት የሰጠው።

መጋረጃው ድረስ ታስቦበታል። የመስኮቶቹ መጋረጃ የሚቆመው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሙሉ ክፍት፣ ግማሽ፣ ሙሉ ዝግ። አንዱ ሠራተኛ ሩብ፣ ሌላው ሲሶ እያወረደ የሕንጻውን ፊት እንዳያዝረከርከው ነው። ለአንዳንዱ ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ለሌላው ደግሞ አርክቴክቱ በሰው መስኮት ላይ ሲያዝ ነው የሚታየው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ጥላቻው ከየት መጣ?

ከቅጂው ነው፤ በአመዛኙ።

ሲግራም ሲወደድ የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1961 ሕግ አወጣች። ከሕንጻው ፊት አደባባይ ለሚተው ባለቤት ተጨማሪ ፎቅ ይፈቀድለታል የሚል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ባለቤቶች አደባባዩን ለፎቁ ሲሉ ብቻ ተዉት። መቀመጫ የለው፣ ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፣ ባዶ ድንጋይ ብቻ። ረጅሙ ሕንጻ የመታውን ነፋስ ወደ ታች ይልካልና እግረኛው እዚያ መቆም አይፈልግም። ዊሊያም ዋይት የሚባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ እነዚህን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ አጥንቷል። ያገኘው ነገር ለማንም ግልጽ ሊመስል ይችላል። ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ግን ያን ያህል ዓመት ማንም አላሰበበትም ነበር።

ሌላው ምክንያት ርካሽነት ነው። የሞደርኒስት ሕንጻ ጌጥ ስለሌለው ውበቱ ያለው በልኩ፣ በዕቃውና በመጋጠሚያው ነው። ነሐሱን በስስ አሉሚኒየም ቀይረህ፣ የጣሪያውን ከፍታ ቀንሰህ፣ አደባባዩን አጥፍተህ ያንኑ ሳጥን ብትሠራው የሚቀረው ሳጥኑ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ለሚፈልግ ባለሀብት ይህ ዘይቤ ምቹ ሰበብ ሆነለት። «ጌጥ የሌለው ለምንድን ነው?» ሲባል «ዘመናዊ ስለሆነ» ይላል። በዚህ ዓይነት ከተማ ሙሉ ሳጥን ተተከለ። ሰው የጠላው ይህንን ነው፤ ጥላቻው ግን ለዋናዎቹም ተረፈ።

ደግሞ ቦታ አለ። ግሮፒየስ የተሳተፈበት ባለ 59 ፎቁ የፓን አም ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1963 ፓርክ አቬኑ መሐል ላይ ገጭ ሲል የመንገዱን እይታ ዘግቶ ሰማዩን ወሰደ። ሕንጻው ክፉም ጥሩም ይሁን ሰዉ ያጣውን ሰማይ አልረሳም። ፓሪስም እንዲሁ ናት። በ1973 ሞንፓርናስ ላይ የተሠራው 210 ሜትር ፎቅ ነዋሪውን ስላስቆጣ ከተማዋ በ1977 ከ37 ሜትር በላይ መሥራት ከለከለች።

ፀሐይ ፎቶ ላይ አትታይም

አሁን ያቺ የማትከፈተው መስኮት ጋ እንመለስ።

የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ያልፋል። ውስጥ ገብቶ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ ሰዉን ያሞቃል። የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚለቀው ሙቀት ግን መስታወቱን እንደ ብርሃኑ አያልፈውም። መናኸሪያ ላይ መስኮቱን ዘግቶ ቀትር ላይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ መግባት ምን እንደሚመስል አዳማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያው ነው። ስለዚህ ፀሐይዋን ማስቆም ያለብን መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ነው። የውስጥ መጋረጃ ዓይንን ያሳርፋል እንጂ ሙቀቱን እምብዛም አይመልስም፤ ሙቀቱ ገብቷላ።

አሜሪካኖቹ ይህን በኤሲ ፈቱት። ነዳጅና መብራት ርካሽ በነበረበት ጊዜ ማንም ግድ አልነበረውም። ሂሳቡ የመጣው ኋላ ነው። ኒው ዮርክ ከዐሥር ዓመት በላይ በፊት ትልልቅ ሕንጻዎች የኃይል አጠቃቀማቸውን እንዲያሳውቁ ስታስገድድ ከ100 የተሰጠው ነጥብ ብዙ ሰው አስገረመ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው ኢምፓየር ስቴት 80 አገኘ። ሌቨር ሐውስ 20። ሲግራም 3! ወፍራም ግድግዳና ልከኛ መስኮት ያላቸው የ1930ዎቹ አሮጌ ሕንጻዎች፣ ከእነሱ በኋላ ከተሠሩት የመስታወት ሕንጻዎች ተሻሉ። እኔ ሲግራምን ከሚያደንቁት ወገን ነኝ። ይህ ነጥብ ግን ሊሸፋፈን አይገባም።

ሞደርኒስቶቹ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1943 የተጠናቀቀ የትምህርትና ጤና ሚኒስቴር ሕንጻ አለ። ሉሲዮ ኮስታና ኦስካር ኒማየር ያሉበት ቡድን ሠራው፤ ዝነኛው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚየ አማካሪያቸው ነበር። ብራዚል ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ፀሐይ የምትበረታው በሰሜን በኩል ነው። በዚያ ፊት በሙሉ የሚንቀሳቀሱ የፀሐይ መከለያ ክንፎች አደረጉበት። ፀሐይ በማታጠቃው በደቡብ በኩል ሙሉ መስታወት ሆነ። አንድ ሕንጻ፣ ሁለት ፊት። ይኸው ሌ ኮርቡዚየ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጽሕፈት ቤት በኒው ዮርክ ሲሠራ በምሥራቅና በምዕራቡ መስታወት ላይ መከለያ ይደረግ ብሎ ተከራክሮ ነበር። አልሰሙትም። ቀለም ያለው መስታወትና ኤሲ ተመረጠ።

ዓለም የቀዳው የኒው ዮርኩን ነው። ሙቀት አገር ላለነው ግን የሚሆነን የሪዮው ነበር።

ወደ ከተማችን

አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ይህ ቁጥር ለሕንጻ ሠሪ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ማንም ግን አይጠቀምበትም። ለምን ስጦታ ሆነ? ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አናታችን አካባቢ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀጥታ አናት ላይ ትውላለች። በመካከሉ ባሉት ወራት ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። በጣም ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው። ስለዚህ በደቡብ ፊት ላይ ያለ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ መስኮት 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ሶሌታ ቢደረግለት ታኅሣሥ ቀትር ላይ እንኳ ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። በሰሜን በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ይህ ለግንበኛ ምንም አይደለም። ሶሌታውን ትንሽ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው በምሥራቅና በምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመጣለች። ያንኑ መስኮት በላይ ሶሌታ ለመከለል ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ማውጣት ያስፈልጋል። አይሆንም። ስለዚህ ምዕራብ ፊት ላይ መስኮት ያንሳል፣ ቋሚ ክንፍ ይደረጋል፣ ወይም ደረጃው፣ መጸዳጃውና ዕቃ ቤቱ ወደዚያ ይዞራል። አስተዋይ አርክቴክት የሚያደርገው ይህን ነው።

እኛ ጋ ግን መስታወቱ የሚደረገው መንገዱ ወዳለበት ነው። መንገዱ ምዕራብ ከሆነ ምዕራብ፣ ምሥራቅ ከሆነ ምሥራቅ። ከኋላ በኩል ደግሞ ብሎኬቱ ልስን እንኳ ሳይነካው ይቀራል። ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ።

በግንቦት ሙቀት ለአንድ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ገብቼ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት ነው። ከውጭ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ውስጥ ግን የመስታወቱ ግማሽ ያህል በካርቶን ተሸፍኗል። የቴሌቪዥንና የጁስ ካርቶን ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ካርቶኑ ያልደረሰበት ቦታ ላይ አንሶላ ተንጠልጥሏል። የምታስተናግደው ልጅ ጠረጴዛዋን ጎትታ ኮሪደሩ ጋ አድርሳዋለች። «እዚህ ጋ ይቀመጡ ጋሼ» አለችኝ፣ «እዚያ ጋ ከ8 ሰዓት በኋላ ሰው አይቀመጥም።» መብራት ጠፍቶ ነበርና ቬንትሌተሩ ቆሟል። ከመስኮቶቹ የሚከፈቱት ሁለት ትንንሾች ብቻ ናቸው። ከአንዱ አቧራ ሲገባ ተነሥታ ዘጋችው።

የዚያ ክፍል ኪራይ የሚታሰበው በካሬ ሜትር ነው። ሰው የማይቀመጥበት ካሬም ተከፍሎበታል። ባለቤቱ ለመስታወቱ ከፈለ፣ ተከራዩ ለኪራዩ፣ ልጅቷ ደግሞ በየቀኑ በላብዋ። የአዳማ ሙቀትና ነፋስ፣ የመብራቱም መጥፋት፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። መስኮቱ የማይከፈት ሕንጻ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ያቆማል። አንጸባራቂው መስታወት የመለሰው ፀሐይ ደግሞ የትም አይጠፋም። እግረኛው ዓይን ላይና ፊት ለፊት ባለው ቤት ላይ ያርፋል።

የእግሩ ነገርም አለ። ፎቆቻችን ከፊታቸው የሚተዉት ቦታ ካለ ለመኪና ማቆሚያ ነው፤ ለሰው ሲሆን ደግሞ ሦስት አራት ደረጃ ወጥቶ በሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይ መሄድ ነው። ዝናብ ሲመጣ መጠለያ የለም። የድሮዎቹ የአዳማ ሱቆች ቢያንስ በረንዳ ነበራቸው። በዚያ በረንዳ ሥር ሊስትሮው ይቀመጣል፣ ጋዜጣ ይነበባል፣ ዝናብ ይጠበቃል። ሲግራም የተወደደበትን ነገር በትንሹ የነበራቸው እነሱ ናቸው። እኛ የቀዳነው መስታወቱን ነው፣ አደባባዩን ትተን።

አንድ ነገር በቅንፍም ቢሆን ልናገር፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምንኖር። ምድር ቤቱን ለሱቅ ሲባል ክፍት አድርጎ ላዩን በብሎኬት መሙላት ለመሬት መንቀጥቀጥ አደገኛ ነው። ላይኛው ክፍል ግትር ስለሚሆን ንቅናቄው ሁሉ የሚያርፈው ምድር ላይ ባሉት ኮለኖች ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዳማም ድረስ ተሰምቷል። በኮለን ላይ የተነሣ ሕንጻ መሥራት ይቻላል፤ ግን መሐንዲሱ ይህንን አስቦ ኮለኑንና የአርማታ ግድግዳውን ሲያጠናክር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ፌሮ የሚቀንስ ሰው በሰው ነፍስ ነው የሚቆጥበው።

ስድሳ ዓመት የሞላው ሕንጻ

ለሕንጻ ከባዱ ዕድሜ ከሃምሳ እስከ ስድሳ ዓመት ያለው ይመስለኛል። አዲስ አይደለም፣ ቅርስም አልሆነም። ቧንቧው ያፈስሳል፣ ሊፍቱ ይቆማል፣ መልኩም ፋሽን አልፎበታል። የሚፈርሰው ያኔ ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተውን ግዙፉን የፔንሲልቫኒያ ባቡር ጣቢያ ማፍረስ የጀመረችው በ1963 ነው። ሰው የተቆጨው ከፈረሰ በኋላ ነበር። ቁጭቱ በ1965 የቅርስ ሕግ ወለደ። ያ ሕግ ዛሬ ሌቨር ሐውስንና ሲግራምን ይጠብቃል። ሌቨር ሐውስ መስታወቱ በዝናብ ውኃና በዝገት ተበላሽቶ ከርተን ዎሉ እንዳለ በአዲስ ተተክቷል። መልኩ ግን ያው ነው።

ያልዳነም አለ። እዚያው ፓርክ አቬኑ ላይ የነበረው ባለ 52 ፎቁ የዩኒየን ካርባይድ ሕንጻ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈረሰ። ንድፉ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበራት ናታሊ ደ ብላ የምትባል አርክቴክት ናት፤ በጊዜው ስሟ ብዙም አልተነሣም። ሕንጻው ከመፍረሱ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ በብዙ ወጪ ታድሶ ነበር። የቦታው ዋጋ ከሕንጻው በለጠና ቦታው ላይ ሌላ የበለጠ ረጅም ተተከለ። ያ ሁሉ ብረት ሲመረት የወጣው ጭስና ገንዘብ አብሮ ፈሰሰ ማለት ነው።

የእኛም አገር ከዚያ ዘመን ድርሻ አላት። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. አርቱሮ መዘዲሚ በተባለ ጣሊያናዊ ንድፍ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። መስታወት እንዲህም ይሆናል ለካ ያሰኛል። ሳይፈርስ በጥንቃቄ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደገና ተከፈተ። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ደግሞ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንጻ አለ። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የባንኩ አዲስ መስታወት ሕንጻ ቆሟል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁለቱን አከታትሎ ቢያያቸው ጥሩ ነው። ፎቶ አንስቶ ማለፍ ሳይሆን በሁለቱም እግር ሥር መራመድ፣ ፀሐይዋ የቱ ጋ እንደምታርፍ ማየት።

አዳማ ላይ ገና ፕላን እያሠራ ያለ ሰው ካለ፣ ለአርክቴክቱ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ አለ። ምዕራቡ የቱ ጋ ነው? በዚያ በኩል ምን አድርገሃል? መብራት ሲጠፋ አየር ከየት ወደ የት ያልፋል? ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው የት ይጠለላል? መልሱን ሥዕሉ ላይ በጣቱ ካላሳየ ሥዕሉ አላለቀም። ሕንጻው ያለቀለት ባለቤትም ቢሆን አማራጭ አለው። መስታወቱን ማፍረስ አያስፈልገውም። በውጭ በኩል፣ ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቋሚ የአሉሚኒየም ክንፍ ወይም የሽቦ ወንፊት በፍሬም ማሰር ይቻላል። ከመስታወቶቹ የተወሰኑትን በሚከፈት መስኮት መተካት ይቻላል። ብየዳ ቤት የሚሠራው ሥራ ነው። ዋጋው ከኤሲና ከጄኔሬተር ነዳጅ ጋር ተነጻጽሮ ይታይ፤ ካርቶኑም ከመስኮቱ ላይ ይወርዳል።